ቪዲዮዎን ከማሳነስዎ በፊት፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ሰሞኑን አንድ ዓይነት ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣልናል። «የሰጣችሁኝ ፋይል በጣም ትልቅ ነው፣ ኮምፒውተሬን ሞላብኝ፤ እንዴት ላሳንሰው?» ይህን በስልክ ማስረዳት አስቸጋሪ ስለሆነብን በጽሑፍ አደረግነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ይታገሱን።

በቅድሚያ አንድ ልመና አለን። እኛ የሰጠንዎትን ፋይል አያጥፉት። ያሳነሱት ቅጂ ቆንጆ ሆኖ ቢወጣ እንኳ አያጥፉት። አንድ ደንበኛችን የድሮ ካሴታቸውን ወደ ፋይል ቀይረንላቸው ነበር። ስልክ ላይ ለማየት አሳነሱት። ለመላክ ሲከብዳቸው ያንኑ ያነሰውን ደግመው አሳነሱት። ከዚያ ቦታ ለመቆጠብ ብለው ኦርጅናሉን ሰረዙ። ይዘውልን ሲመጡ የሰዎቹ ፊት በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ተከፋፍሏል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ጥላ እንደ ደረጃ ተቆራርጧል። «እንደነበረው አድርጉልኝ» አሉን። ሶፍትዌሩ አንዴ የጣለውን ግን እኛም ሆንን ሌላ ሰው መልሰን ማምጣት አንችልም። ደግነቱ ካሴቱ በእጃቸው ነበርና ከሀ ጀመርን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቪዲዮ ማለት ቶሎ ቶሎ የሚገለጥ ፎቶ ነው። ስፋቱና ቁመቱ 1920 በ1080 ነጥብ የሆነ፣ በሰከንድ 30 ፍሬም (ማለትም 30 ፎቶ) ያለው ቪዲዮ ምንም ሳይታመቅ ቢቀመጥ አንዷ ሰከንድ ብቻ ወደ 187 ሜጋባይት ትደርሳለች። አንድ ሰዓት ከ670 ጊጋባይት ያልፋል። ስለዚህ ስልክዎ ላይ ያለው ቪዲዮ ሁሉ ሲቀረጽ ጀምሮ የታመቀ ነው። ከአንዱ ፍሬም ወደሚቀጥለው ያልተለወጠው ነገር ተደግሞ አይጻፍም፤ ዓይን ብዙም ልብ የማይለው ዝርዝር ደግሞ ይጣላል። ዚፕ ማድረግ ምንም የማይፈይደውም ለዚህ ነው። አንዴ የተጨመቀ ሎሚ ነው፣ ደግመው ቢያሹት ጠብ የሚል የለም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ችግርዎ መጠኑ ነው ወይስ አለመከፈቱ? እነዚህ ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ኤምፒ4 እና ኤምኬቪ የሚባሉት ዕቃዎች ናቸው፤ ምስሉና ድምፁ የሚቀመጡት በውስጣቸው ነው። ምስሉ የታመቀበት ዘዴ ደግሞ ኮዴክ ይባላል። በ2003 የወጣው ኤች 264 አሁንም የማይከፍተው መሣሪያ ጥቂት ነው። በ2013 የመጣው ኤች 265 ተመሳሳይ ጥራት ባነሰ መጠን ይይዛል፤ ያረጁ ቴሌቪዥኖች ግን ላያውቁት ይችላሉ። ቴሌቪዥንዎ ኤምኬቪን እምቢ ብሎ በውስጡ ያለው ኤች 264 ከሆነ፣ ዕቃውን ብቻ መቀየር ይበቃል። አቪዴማክስ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ላይ ምስሉንም ድምፁንም «ኮፒ» ላይ ትተው መውጫውን ኤምፒ4 ያድርጉና ያስቀምጡ። ጥቂት ጊዜ ብቻ ይወስዳል፤ ከጥራቱም ምንም አይቀንስም። ይህን ባለማወቅ ሙሉ ሌሊት ኮምፒውተራቸውን የሚያስጮሁ ብዙ ናቸው።

ችግሩ መጠኑ ከሆነ ግን ስሌቷን ይያዙ። የፋይሉን መጠን የሚወስነው ቢትሬት የሚባለው ነው፤ ማለትም ለአንድ ሰከንድ የተመደበው ዳታ። ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለሆነ፣ በሰከንድ 8 ሜጋቢት የሆነ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ 3,600 ሜጋባይት ይሆናል። ወደ 4 ሜጋቢት ካወረዱት 1,800 ሜጋባይት። ድምፁን መቀነስ ግን ብዙ አያተርፍም፤ በሰከንድ 160 ኪሎቢት የሆነ ድምፅ ለአንድ ሰዓት የሚፈጀው 72 ሜጋባይት ብቻ ነው። ድምፁን ይተዉት።

ለማሳነስ እኛ ለቤት የምንመክረው ሃንድብሬክ የሚባለውን ሶፍትዌር ነው። ነፃ ነው፣ ዊንዶውስም ማክም ላይ ይሠራል። ፋይሉን ይክፈቱ፣ ከተዘጋጁት አማራጮች የ1080 የሆነውን ይምረጡ፣ ከዚያ የጥራት መንሸራተቻው ላይ ይምጡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጥራቱ ይጨምራል፤ ፋይሉም ይተልቃል። ለኤች 264 ከ20 እስከ 23 ባለው ውስጥ ይሞክሩ። ከካሴት የመጣ ቪዲዮን ወደ 1080 ማሳደግ ዋጋ የለውም። ያልነበረ ነገር ከየትም አይመጣም፣ ፋይሉ ብቻ ይወፍራል።

ሙሉውን ከመጀመርዎ በፊት አንድ ደቂቃ ቆርጠው ይሞክሩ። ሰው የሚንቀሳቀስበትንና ጨለም ያለውን ቦታ ይምረጡ፤ ጉድለት ቶሎ የሚታየው እዚያ ነው። ምክሩን የምንሰጠው ተቀጥተንበት ነው። አንድ ጊዜ በስልክ የተቀረጸ የሦስት ሰዓት ቪዲዮ ሳንሞክር ማታ ለቀነው ሄድን። ጠዋት ስንከፍተው መጀመሪያው ደህና ነው። መጨረሻው ላይ ግን ሰውየው አፉን ከዘጋ በኋላ ነው ድምፁ የሚመጣው። ስልክ የፍሬሙን ፍጥነት እንደ ብርሃኑ ከፍ ዝቅ ሊያደርግ ይችላል፤ አንዳንድ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ይህን ሲያገኝ ግራ ይጋባል። ሃንድብሬክ ላይ የፍሬም ፍጥነቱን «ቋሚ» ወደሚለው ያድርጉት፣ ይገላገላሉ። አንድ ደቂቃ ላይ ይህ ችግር ላይታይ ስለሚችል፣ ሲያልቅ የፋይሉን መጨረሻም ይዩ።

ስለ ፍጥነት ሳንጠቅስ አንለፍ። በግራፊክስ ካርድ የሚሠራው አማራጭ በጣም ይፈጥናል። ነገር ግን ለዚያው ጥራት አብዛኛውን ጊዜ የሚተልቅ ፋይል ያወጣል። ካልቸኮሉ በፕሮሰሰሩ ይሥሩ። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ ይሰኩት፣ በራሱ እንዳይተኛ ያድርጉት፤ አልጋ ወይም ትራስ ላይ ደግሞ አያስቀምጡት፣ አየር ያጣል። ማራገቢያው ቢጮህ አይደንግጡ።

ፍላሽ ላይ ሲገለብጡ «ፋይሉ ትልቅ ነው» ካለዎትና ባዶ ቦታ ካለ፣ ጥፋቱ የቪዲዮው አይደለም። ፋት 32 ተብሎ ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። በላዩ ላይ ያለውን ሌላ ቦታ ገልብጠው፣ ፍላሹን ኤክስፋት በሚባለው ፎርማት ያድርጉት። ቴሌቪዥን ላይ የሚሰኩት ከሆነ ግን ቴሌቪዥኑ ኤክስፋት ማንበቡን ቀድመው ያረጋግጡ።

ሶፍትዌሮቹን ከራሳቸው ገጽ ብቻ ያውርዱ። ስማቸውን አስመስለው ሌላ ነገር የሚጭኑብዎት ገጾች አሉ። ሃንድብሬክ ገንዘብ ከጠየቀዎት ሃንድብሬክ አይደለም።

የሥራዎን ኦርጅናል እኛ ዘንድ የምናቆየው ካስረከብንዎት ቀን ጀምሮ 90 ቀን ነው፤ ከዚያ ይሰረዛል። ያሳነሱት ቅጂ ካላማረዎት ወይም የእርስዎ ፋይል ከተበላሸ ቀኑ ሳያልፍ ይደውሉልን። ሌላ ሃርድ ዲስክ ይዘው ቢመጡም ሁለተኛ ቅጂ ያለ ክፍያ እንገለብጥልዎታለን።

ከሰላምታ ጋር፣
የቪዲዮ ክፍሉ ባልደረቦች