ከመስቀል በፊት ይድረስህ

መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

አብሮ አደጌ፣ እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ሱቁ፣ ሁሉ ደህና? እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰህ። መስቀሉንም በሰላም ያድርሰን።

ሦስት ዓመት ሆነን። የእናትህ ለቅሶ ላይ አልተገኘሁም። ሥልጠና ላይ ነበርኩ፣ ሩቅ ነበርኩ፤ ምክንያት መደርደር አልፈልግም። በቴሌብር ብር ላክሁና "እግዚአብሔር ያጽናህ" ብዬ ጻፍኩልህ። ለቅሶ እንደዚያ እንደማይደረስ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ከእናትህ እጅ ስንት ቀን ቆጮ በልቼ አድጌያለሁ! ከዚያ ልደውል ስል አፈርኩ። ወር አለፈ። ወሩ ሲያልፍ ደግሞ እፍረቱ ባሰ። ይቅር በለኝ። ስትመጣ መጀመሪያ መቃብሯ ጋ አብረን እንሂድ። የቀረውን እዚያ እነግርሃለሁ።

ደብዳቤውን የያዘልህ ልጅ ዕቃ ለማምጣት መርካቶ የሚመላለስ ነው። በቴሌግራም ያልላክሁልህ ረጅም ጽሑፍ እንደማታነብ ስለማውቅ ነው። ወረቀት ከሆነ ግን ደረሰኝ መስሎህም ቢሆን ትከፍተዋለህ!

የእኛ ቢሮ በመስከረም እረፍት የለውም። ጠዋት ጠዋት ከየትምህርት ቤቱ የምዝገባ ቁጥር እሰበስባለሁ። ርዕሰ መምህራኑ በስልክ ይነግሩኛል፤ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ያሉት ሰው ይልካሉ። ደምሬ ለዞን መምሪያ እልካለሁ፣ ዞኑ ለክልል ቢሮ ያስተላልፋል። በዚህ መሀል በዓሉ አለ። ግማሹ ሠራተኛ የቅቤ ዋጋ ያወራል፣ ግማሹ የደሞዝ ጭማሪውን ያሰላል። ዝቅተኛው ደሞዝ ከዚህ ወር ጀምሮ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። የጥበቃችንን ፊት ብታየው ደስ ይልህ ነበር። የዓመቱን ቅቤ ባለቤቱ እንደ ልማዱ ስታጠራቅም ከርማለች፤ ለሥጋው እሱ ምን እንደሚያደርግ ጨንቆት ነበር።

የ12ኛ ክፍል ውጤትም ሰሞኑን ወጥቷል። በአገር ደረጃ 585,882 ተማሪዎች ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 48,929 ናቸው። 8.4 በመቶ ማለት ነው። አምና 5.4 ነበር። ቢሮ ውስጥ "ከፍ ብሏል" ተባባልን፤ ደስም አለን። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። እነዚህ እኮ 12ኛ ክፍል የደረሱት ናቸው። ሳይደርሱ መንገድ ላይ የቀሩት የት ገቡ?

አንዳንዶቹ የት እንደገቡ አውቃለሁ። የምጽፍልህም ለዚሁ ነው። እጄ ግን እሺ እያለኝ አይደለም፤ መጀመሪያ ሌላ ዜና ልንገርህ።

ከመስቀል ማግስት ጀፎሮው ላይ፣ እዚያው የመንደራችን ሰፊ መስክ ላይ፣ ስብሰባ አለ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ሁሉ ተጠርቷል። የሁለት መማሪያ ክፍሎች ቆርቆሮ ረግፏል፤ በክረምቱ ዝናብ ግድግዳውም ርሷል። የግብዣ ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከላይ ያለው ስም ያንተ ነው። ዴስኮቹን ያሠራህላቸው አንተ ስለሆንክ ልጆቹ ስምህን ያውቁታል። አባቶቻችን በ1950ዎቹ ማኅበር አቋቁመው፣ መርካቶ ለፍተው ያገኙትን አዋጥተው ለዚህ አገር መንገድና ትምህርት ቤት ሠርተዋል። አንተም በእነሱ መንገድ ነው የሄድከው። ኃላፊያችን "ንግግር ያድርግልን" ብሎኛል። እኔም "እጠይቀዋለሁ" አልኩ። ስምህን በወረቀቱ ላይ ስጽፍ ግን ልቤ ከበደኝ።

ስለ እህትህ ልጅ ነው።

ጳጉሜን 3 ቀን ምዝገባውን ለማየት ትምህርት ቤቱ ሄጄ ነበር። ዝናብ ነበር። ልጁ ብቻውን መጣ። ካርዱን እንዳይርስበት በፌስታል ጠቅልሎ በሹራቡ ሥር ይዞታል። 7ኛ ክፍልን 1ኛ ወጥቶ ነው የጨረሰው። ካርዱን ለመዝጋቢው መምህር ሲሰጥ በሁለት እጁ ነው የሰጠው። 8ኛ ክፍል ተመዘገበ። እኔም ኮራሁበት። ግንባሩ ቁርጥ ያንተ ነው፣ ሲስቅ ደግሞ እናትህን ነው የሚመስለው።

መስከረም 6 ቢሮዬ ድረስ መጣ። ካርዶቹ ለማጣራት እኔ ጋ መጥተው ነበር፤ ይህን ርዕሰ መምህሩ ነግሮታል።

"ጋሼ፣ ካርዴን ስጡኝ" አለኝ።

"ለምን?"

"አዲስ አበባ ልሄድ ነው። ከመስቀል በኋላ። አጎቴ ጋ።"

ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ። ቆይቶ "የማታ እማራለሁ" አለ። ከዚያ ምን ብሎ ጠየቀኝ መሰለህ? "ጋሼ፣ የማታ ትምህርት ላይ ሒሳብ አለ?"

"አለ" አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። አንተም የማታ ትማራለህ ተብለህ ነው የሄድከው። የ1985ን መስቀል አትረሳውም። አጎትህ ቦታ ያለው ለአንድ ልጅ ብቻ ነው አሉ። አንተ የጭነት መኪናው ላይ ወጣህ፣ እኔ እስከ ወንዙ ድረስ ተከትዬ ሮጥኩ። ያን ቀን ያለቀስኩት ስለተለየኸኝ ይመስልህ ነበር። ዛሬ እውነቱን ልንገርህ፣ ቀንቼብህ ነው። አባቴን ለአንድ ሳምንት አላናገርኩትም። በዓመቱ አዲስ ጫማ አድርገህ፣ ሬዲዮ ይዘህ ስትመጣ ደግሞ ቤት ውስጥ ተደብቄ ዋልኩ። ፈልገህ ያገኘኸኝ አንተ ነህ። ደብተርና እስክሪብቶ አምጥተህልኝ ነበር፣ ጫማ እየጠረግህ ባገኘኸው ሳንቲም። በ8ኛ ክፍል ፈተና ዓመትም አጋዥ መጽሐፍ ላክህልኝ። ልባሱ የተገነጠለ ነበር፤ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ነው የገዛኸው። በዚያ መጽሐፍ ነው ያለፍኩት። መምህር የሆንኩትም፣ ዛሬ ቢሮ የተቀመጥኩትም ከዚያ ተነስቼ ነው። አመሰግናለሁ ብዬህ አላውቅም።

የሠርግህ ዋዜማ ሌሊት የነገርከኝን ታስታውሳለህ? የማታ ትምህርት ቤት ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ሁልጊዜ እንቅልፍ ይጥልህ ነበር። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለህ ስለምትውል ጀርባህ አይችልም። መምህሩም እያዘነልህ አይቀሰቅስህም። "ቢቀሰቅሰኝ ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ" ብለኸኝ ፊትህን አዞርክ። እኔ ያኔ የምመልስልህ አጥቼ ስለ ከበሮው አወራሁ። ያ ንግግርህ ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አትቆጣኝ። ጥፋተኛ ላደርግህ አይደለም። ሠርተህ፣ ለፍተህ፣ ስንቱን ቤት አቁመሃል። እህትህንም አልወቅሳትም፤ ችግሯን በዓይኔ አይቻለሁ። የጓሮዋን እንሰት አጠውላጊው በሽታ ጨርሶባታል። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ተንጠለጠለ፣ ከዚያ ግንዱ በሰበሰ። የግብርና ባለሙያዎቹ ቢላዋውን በእሳት እያነደዳችሁ ቁረጡ፣ የታመመውን ነቅላችሁ ቅበሩ ብለው ነበር፤ እሷ ጋ ሲደርስ ግን ረፍዷል። አሁን ቆጮ ከገበያ እየገዛች ነው። ያቺ ሴት ቆጮ ስትገዛ ምን እንደሚሰማት ላንተ መንገር አይጠበቅብኝም። ለሰው እንዳይታይባት በጨለማ ነው ከገበያ የምትመለሰው። ስለዚህ "አጎቱ ይወስደዋል፣ አንድ አፍ ይቀንስልኛል፣ እሱም ሰው ይሆናል" ብትል አይፈረድባትም። ይህን ደግሞ ነግራህ እንደሆነ እንጃ። ያልነገረችህ ይመስለኛል። እኔ ነገርኩህ እንዳትላት።

ሌላም ነገር አለ። በየዓመቱ የማየው ነው። አረፋም ሲሆን ሰው ይመጣል፤ የአረፋ ቀን ግን ይዞራል። መስቀል ሁልጊዜ የትምህርት መክፈቻ ላይ ነው። ወላጅ "ከመስቀል በኋላ ይገባል" ይላል፣ መምህሩም ይህንኑ ስለሚያውቅ ቀስ ብሎ ይጀምራል። በዓሉ ያልቃል። አውቶቡሶቹ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ልጆቹ አጎት፣ ወንድም፣ የጎረቤት ሰው ተከትለው ይሳፈራሉ። አምና አንድ 8ኛ ክፍል ስገባ ከኋላ ሦስት ዴስክ ባዶ ነበር። የቀሩት ልጆች ወደ ባዶዎቹ አልተጠጉም። ተጣበው፣ ለአራት ለአራት ሆነው ተቀምጠዋል። "ለምን አትዘረጉም?" ስላቸው አንዷ "ይመጡ እንደሆነ ብለን ነው" አለችኝ። እኔ ጥቅምት ላይ "ያቋረጡ" የሚለው ዓምድ ውስጥ ቁጥራቸውን እሞላለሁ። ብዙ ዓመት ሞልቻለሁ። ዘንድሮ ግን በዚያ ዓምድ ውስጥ የእናትህን የልጅ ልጅ እንዴት አድርጌ ልጻፍ?

ሕግ ልጠቅስብህ አልፈልግም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር እንደሚከለክል በወላጆች ስብሰባ ላይ ሁልጊዜ እናገራለሁ። ልጁ 13 ዓመቱ ነው። ላንተ የምጽፈው ግን እንደ ቢሮ ሰው አይደለም።

የምለምንህ ይህን ነው። እስከ ሰኔ ተወው። የ8ኛ ክፍልን ፈተና ይፈተን። ይህ ፈተና ካመለጠው ወደ ኋላ ተመልሶ ለመያዝ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ሐምሌና ነሐሴ ያንተ ነው። ሱቅ ይዋል፣ ንግድ ይማር፣ ሚዛን ይያዝ፣ ከደንበኛ ጋር ይነጋገር። ንግድ አያስፈልገውም እያልኩ አይደለም፤ የእኛ ልጅ ንግድ ሳይችል አያድግም። መስከረም ላይ ግን መልስልኝ።

የሚቀጥለውን ለመጻፍ ደግሞ ብዙ አሰብኩ። ስለ ገንዘብህ መናገር የእኔ ቦታ አይደለም። ግን እዚያ ቢመጣ ለምግቡ፣ ለልብሱ፣ ለኪሱ የምታወጣው አለ አይደል? ከዚያ ላይ ጥቂቷን በየወሩ ለእህትህ ብትልክላትስ? አዲስ የእንሰት ችግኝ እስኪደርስላት ነው። እኔም ከጭማሪው ላይ የደብተሩንና የዩኒፎርሙን እችላለሁ። ይህን አትከልክለኝ። የአንተ ሳንቲም ያስተማረኝ ሰው ነኝ፤ ለአንድ ልጅ ደብተር ብገዛ ብድሬን አልጨርስም።

እምቢ ካልክም ንገረኝ። ፊት ለፊት ንገረኝ እንጂ አትጥፋ። ሌላ ሦስት ዓመት አልችልም።

ቤት ውስጥ ሁሉም ደህና ነው። ትልቋ ልጄ ወልቂጤ ትማራለች፣ ትንሹ ጥርሱን እየቀየረ ነው። ባለቤቴ ለጎመን ክትፎው ማታ እንድትደርስ ብላለች። ያንተን ጣባ ለብቻ አስቀምጣለች፣ ትልቁን። አምና በሌለህበት ማንም እንዲበላበት አልፈቀደችም። "እሱ ሳይመጣ በዚህ አይበላም" ብላ መልሳ ሰቀለችው። የልጆቹ የደመራ እንጨት ከአሁኑ በሩ ላይ ተከምሯል። የእህትህ ልጅ ነው ትልቁን ጭነት ያመጣው።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ለልጁ ዋሽቼዋለሁ። ካርዱን ሲጠይቀኝ "ቁልፉ ኃላፊው ጋ ነው፣ ከበዓል በኋላ ና" አልኩት። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። አንገቱን ነቅንቆ ሄደ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ "እሺ ጋሼ" አለኝ። ቅር ያለው አልመሰለኝም። እንዲያውም ቀለል ያለው መሰለኝ፤ እኔ ስለፈለግሁ ብቻ ይሆን ያየሁት? አላውቅም።

ካርዱ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ ከነፌስታሉ። እንደመጣህ ቢሮ ጎራ በል። ለአንተ ነው የምሰጠው።

ወንድምህ