ሰዓቱን በአስር ከመክፈላችን በፊት

ሰላም ለአዘጋጁ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፣ ሰዓት በዴሲማል ይቆጠር፣ ማለትም ቀኑ በ10 ሰዓት፣ ሰዓቱ በ100 ደቂቃ ይከፈል የሚለው ክርክር ተማሪዎቼን ሲያጨቃጭቅ ስለሰነበተ የኔንም ሐሳብ ብታወጡልኝ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ሐሳቡን አልንቀውም። ፈተና ሳርም 2.75 ሰዓትን «2 ሰዓት ከ75 ደቂቃ» ብሎ የሚጽፍ ልጅ አይጠፋም፣ እና እውነቱን ለመናገር አልፈርድበትም፤ ብሩ በመቶ ሳንቲም፣ ሜትሩ በመቶ ሴንቲ፣ ኪሎው በሺ ግራም ሆኖ ሰዓቱ ብቻ በስልሳ ሲሆንበት ምን ያድርግ?

ግን ነገሩ ተሞክሯል እኮ። ፈረንሳዮች አብዮት ላይ እያሉ በፈረንጆቹ 1793 ቀኑን 10 ሰዓት፣ ሰዓቱን 100 ደቂቃ፣ ደቂቃውን 100 ሰከንድ አደረጉት፣ የነሱ አንድ ሰዓት የኛ 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ሆነ ማለት ነው፣ እኩለ ቀን 5 ሰዓት ላይ ዋለ፣ ሰዓት ሠሪዎቹም ሕዝቡ ግራ እንዳይጋባ አሮጌውንም አዲሱንም ቁጥር ባንድ ገጽ ላይ ይሠሩ ነበር። ሕጉ ግዴታ የሆነው ሴፕቴምበር 1794 ነው፣ ኤፕሪል 1795 ላይ ቀረ። ሰባት ወር እንኳን አልሞላም! ደግሞ ያስቀረው ሕግ የትኛው መሰላችሁ፣ ያው ሜትርና ግራምን ያጸደቀው ሕግ ነው። ባንድ ወረቀት ላይ አንዱ ገባ ሌላው ወጣ።

ለምን ብዬ ብዙ አስቤበታለሁ። የዛን ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ የእህል መስፈሪያው ከከተማ ከተማ ይለያይ ነበር፣ ሚዛን ባንድ ስም እየተጠራ ክብደቱ ሌላ ነው፣ ስለዚህ ኪሎ ሲመጣ ድሃውን ከመጭበርበር አዳነው። ሰዓት ግን የትም ብትሄድ ቀኑ 24 ነው፣ ማንም በሱ አልተጎዳም። ያልታመመ ሰው መድኃኒት አይወስድም።

መድኃኒት ካልኩ አይቀር፣ በቀን ሦስቴ የሚዋጥ ኪኒን ዛሬ በየ8 ሰዓቱ ነው፤ ቀኑ 10 ሰዓት ቢሆን በየ3 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ከምናምን ሊሆን ነው። የሦስት ፈረቃ ዘበኛም እንደዛው። 10 ለሦስት እኩል አይከፈልም፣ 12 ግን ለ2ም ለ3ም ለ4ም ለ6ም ይከፈላል፣ 60 ደግሞ ከዛም በላይ። የጥንት ሰዎች ዝም ብለው አልመረጡትም። የኛ ባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያኑ የዘመን አቆጣጠር ስሌት፣ እንኳን ቀኑን ለ60 ኬክሮስ ነው የሚከፍለው፣ አንዱ ኬክሮስ 24 ደቂቃ፣ ዓመቱንም 365 ቀን ከ15 ኬክሮስ ከ6 ካልዒት (የኬክሮስ ስልሳኛ) ይለዋል። ቦርድ ላይ ሳሰላላቸው ልጆቹን በጣም የገረማቸው የፈረንሳዮቹ አንድ ሰዓት ልክ 6 ኬክሮስ መሆኑ ነው። ደስ ብሎኛል፣ ግማሾቹ ኬክሮስ የሚባል ነገር መኖሩን ያን ቀን ነው የሰሙት።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ባለፈው እናቴ የሐኪም ቀጠሮ ነበራት፣ ካርዱ ላይ 8:00 ይላል፣ በቃ ሌላ ምንም የለውም። እሷ እንደኛው ምሳዋን በልታ ከቀኑ 8 ሰዓት ሄደች፣ ለካ በፈረንጅ ነው፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስሟ ተጠርቶ አልፏታል፣ ሐኪሙም ወጥቷል፣ ሌላ ቀጠሮ ከወር በኋላ ተሰጣት። በዚህ በሚያማት ጉልበቷ ሁለት ታክሲ ይዛ ነው የሄደችው። ይሄ ችግር በአስርም ቆጠርነው በስልሳ አይፈታም፤ እኛ ቀኑን ከንጋት እንጀምራለን፣ ኮምፒውተሩ ከእኩለ ሌሊት፣ በመሀሉ ያለው የስድስት ሰዓት ልዩነት ነው ሰው የሚያጉላላው። በዚህ ላይ ሦስተኛ አቆጣጠር ይጨመር ማለት ለኔ ጭካኔ ነው።

ስለዚህ ክርክሩን ለምትጽፉም ለምታነቡም፣ ቀጠሮ ካርድ ላይ፣ የስብሰባ ጥሪ ላይ፣ የአውቶብስ ትኬት ላይ ቁጥሩን ብቻ አትጣሉት፣ «ጠዋት 2 ሰዓት» ወይ «ከቀኑ 8 ሰዓት» ተብሎ በፊደል ይጻፍ፣ እናንተም በምታወጡት ማስታወቂያ ጀምሩልን። የእናቴ አዲሱ ቀጠሮ አሁንም 3:00 ብቻ ይላል፣ ደውዬ ጠይቄ «ጠዋት» ብዬ በእስክሪብቶ ጽፌበታለሁ።