ደብዳቤ ለልጄ፦ የሰው ስም ይዘሽ እንዳትመጪ

ልጄ፣ ሆዴ፣ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አጎትሽም ወገቡ ተሽሎት መሄድ ጀምሯል።

ወንድምሽ ሁሉን ነገረኝ። ሮም የጦሩ መዝገብ ቤት እንድትገቢ ተፈቅዶልሽ፣ በጣሊያን ጊዜ እዚህ ጣና ዳር የነበሩትን ባንዳዎች ዝርዝር ልታዪ ነው። የአያትሽን የአባባን ስም ለማግኘት። ያ ይሁን፣ ደግ አድርገሻል። ግን «ሙሉውን ዝርዝር ፌስቡክ ላይ እለጥፈዋለሁ፣ ሰው የአያቱን ታሪክ ይወቅ» ብለሻል አሉ። እንቅልፍ ነሳሽኝ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ስሚኝ። የእኛን ፈልጊ፣ የእኛን አግኚ። የሰው ስም ይዘሽ ግን እንዳትመጪ።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ልጅ ሽሮ፣ በርበሬና ቡና ይዞልሻል። በርበሬውን በጠርሙስ ገልብጪና ፍሪጅ ውስጥ አስገቢው፣ ላስቲክ ውስጥ አትተዪው። ቡናው የዘጌ ነው። ባለፈው እንዳደረግሽው አታሳርሪው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ስሙን ስትፈልጊ እንደ ፈረንጅ አትፈልጊ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የአባባን ስም ከነአባታቸው የያዘ ሰው በየደብሩ ሞልቷል። ጣሊያን ደግሞ «ቀ»ን ከ«ከ»፣ «ጠ»ን ከ«ተ» አይለይም፤ የሚጽፈው ጆሮው እንደሰማለት ነው። በዚያ ላይ የአባባ ስም አንድ አይደለም። የዓለም ስማቸውን ታውቂዋለሽ። የክርስትና ስማቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማነው ፍትሐት ላይ ነው፣ እሱን አጎትሽ ጽፎ ይልክልሻል። የሚፎክሩበትም ስም ነበራቸው። ጸሐፊው የትኛውን እንደጠየቃቸው ማን ያውቃል?

ባንዳ ደግሞ በአለቃው ነው የሚታወቀው። የአገሩ ሹም የራሱን ሰዎች ይዞ ይገባል፣ ከላይ የጣሊያን መኮንን ይቀመጥበታል። ስለዚህ ከአባባ ስም በፊት የአለቃቸውን ስም ፈልጊ። ሙንታዝ፣ ቡሉቅባሽ፣ ሹምባሽ የሚል ማዕረግ የተደረደረበት መዝገብ ካጋጠመሽ ብዙውን ጊዜ የአስካሪዎቹ፣ የጣሊያን የቅኝ ግዛት ወታደሮች ነው፤ እዚያ የሚበዛው ኤርትራዊ ነው። አባባ አስካሪ አልነበሩም። አገራቸው ላይ ሆነው የጣሊያን ጠመንጃ የያዙ ሰው ናቸው።

ዱሮ ቢሆን ይህ ሁሉ ድካም ባላስፈለገ። ርስት በነበረበት ዘመን ዘር የሚቆጠረው ለሙግት ነበር። ሰው እስከ አቅኚ አባቱ ድረስ በቃሉ ካልተወጣው መሬቱን ይነጠቃል። በ1967 መሬት የመንግሥት ሲሆን ቆጠራውም አብሮ ቀረ። አሁን ቅድመ አያቱን የሚያውቅ ወጣት ብርቅ ነው። አንቺ መጠየቅሽ ለዚህ ደስ ይለኛል።

ግን የእኛን ብቻ።

«ለምን ገቡ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እምዬ አንዳንዴ «ለጠመንጃው» ትላለች፣ አንዳንዴ «ለራስ ኃይሉ ብሎ» ትላለች። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። ራስ ኃይሉ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ናቸው። ጃንሆይ በ1924 ከጎጃም ነቅለው አሰሯቸው፣ ያንን ያልረሳ ጎጃሜ ብዙ ነበር። በ1928 ጣሊያን ሲመጣ ራስ ኃይሉ ከእሱ ጋር አደሩ። ጌታው የገባበት መግባት ለዚያ ዘመን ሰው እንዳሁኑ የሚያስገርም አልነበረም። በ1929 ክረምት ደግሞ ጣሊያን «መሣሪያ አውርዱ» ማለት ሲጀምር ጎጃም ሸፈተ። በእኛ በኩል ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ ጫካ ገቡ። ከዚያ ወዲያ በጠራራ ፀሐይ ጠመንጃ አንግቶ ገበያ የሚወጣ ባንዳ ብቻ ሆነ። አባባ ወጣት ነበሩ፣ ጠመንጃ ይወዱ ነበር። ይህን ስል ጥፋት አልነበረም ማለቴ አይደለም። የእነዚያ ጠመንጃዎች ጥይት የት እንዳረፈ የሚያውቅ ያውቃል።

በ1933 ጣሊያን ባሕር ዳርን ለቆ ወደ ጎንደር ሲሸሽ አባባ አብረው ሄዱ። ይህን ከአጎትሽ አትሰሚውም። እምዬ ግን ነግራኛለች። ጃንሆይ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገብተው፣ ጎንደር ግን ገና በጣሊያን እጅ ነበር። ጄኔራል ናሲ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ሌሊት አባባ ከጎርጎራ በኩል በታንኳ መጡ። የደንገል ታንኳ ውሃ ይጠጣል፣ ታውቂዋለሽ። እስከ ወገባቸው ርሰው፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ ጫማ የለ፣ ጠመንጃ የለ። እምዬ እሳት አነደደች፣ ኩታዋን አለበሰቻቸው፣ አንድም ነገር አልጠየቀችም። ጠዋት ለጎረቤት «በጌምድር ከአርበኞች ጋር ነበር» አለች። ቤታችን ውስጥ ስትሰሚው ያደግሽው ታሪክ እንግዲህ ያን ዕለት ጠዋት ነው የተጀመረው።

አጎትሽ አሁንም «ውስጥ አርበኛ ነበሩ» ይላል። እውነተኛ ውስጥ አርበኞች ነበሩ፣ ጣሊያን ቤት እየበሉ ጥይትና ወሬ ለጫካ የሚያሾልኩ፣ ሲያዙም የሚሰቀሉ። ግን እንደምሰማው ከሆነ በዚህ አገር ባንዳ የሚባል አልነበረም፤ ሁሉም ሲሞት ውስጥ አርበኛ ይሆናል። አጎትሽን በዚህ አትከራከሪው። ደሙ ከፍ ይላል።

እኔ የማውቃቸው አባባ ሽማግሌ ናቸው። ዘጌ በሬ አይጠመድም፣ ኑሯቸው ቡና ነበር። ጆንያ ሲቆጥሩ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ጠጋ ብዬ ስሰማ «ኡኖ፣ ዱዌ፣ ትሬ» ነው የሚሉት። ሰው ሲመጣ ወደ አማርኛ ይመልሱታል። ሚያዝያ 27 በደረሰ ቁጥር አርበኞቹ ጎፈር ደፍተው፣ ሜዳያቸውን ደርድረው ሰልፍ ይወጣሉ። አባባ ከንጋት ጀምረው ቡናው ውስጥ ይገባሉ። «ቡና ልለቅም» ይላሉ። በሚያዝያ የሚለቀም ቡና የለም። ቤት ውስጥ ይህን ተናግሮ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ከአጥራችን ወዲያ ባላቸውን ጣሊያን የገደለባቸው ሴትዮ ነበሩ። አርበኛ ነበር ባላቸው። ቡና ሲፈላ ይጠራሉ፣ ይመጣሉ፣ ከአባባ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ሁሉን ያውቁ ነበር። አንድ ቀን ክፉ ሲወጣቸው አልሰማሁም። አባባ ሲሞቱ ለቅሶው ላይ ሙሾውን ያወጡት እሳቸው ናቸው፦

ወዲህ ማዶ ልጁ፣ ወዲያ ማዶ ጌታው፣
ታንኳውን ምን ላርገው ማዕበል ሲመታው።

ቄሶቹ «ጌታው» ያሉት እግዚአብሔርን ነው ብለው አለቀሱ። ሽማግሌዎቹ ግን እርስ በርስ ተያዩ። እምዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

አሁን በደንብ አድምጪኝ። የእኒህ ሴትዮ ታናሽ ወንድም ባንዳ ነበር ይባላል። ባላቸው አርበኛ፣ ወንድማቸው ባንዳ። የልጅ ልጃቸው ደግሞ የክርስትና እናትሽ ናት። ያ ስም ዝርዝሩ ላይ ቢኖርስ? ለጥፈሽው እሷ በስልኳ ብታየውስ? በምን ዐይንሽ ነው ለፋሲካ ቤቷ የምትገቢው? ዛሬ ባንዳ የሚለው ቃል በየቀኑ ሰው ላይ ይወረወራል። የሞተውን ትተው የልጅ ልጁን ይጠሩበታል። የሰው ስም ይዘሽ እንዳትመጪ የምልሽ ለዚህ ነው።

ደግሞ ዝርዝር ብቻውን አይፈርድም። ደሞዝ መቀበሉን ይነግርሻል፣ መቼ እንደከዳ ግን ላይነግርሽ ይችላል። ከነጠመንጃው ወደ አርበኛ የኮበለለ ስንት አለ። ደግሞ አርበኛውን በላይ ዘለቀን አስቢ። ጣሊያን ያልያዘውን ሰው በ1937 የገዛ መንግሥቱ አዲስ አበባ ላይ ሰቀለው። አብሮት የተሰቀለው ደግሞ የራስ ኃይሉ ልጅ፣ ልጅ ማሞ ኃይሉ ነው። በዚያው ጊዜ ከጣሊያን ጋር ያደሩ መኳንንት ምሕረት አግኝተው ሹመት ይዘው ነበር። እስቲ ይህን በየትኛው ዝርዝር ትጽፊዋለሽ?

እኔ እውነቱን አልፈራም። አባባ ባንዳ ነበሩ። ይኸው ጻፍኩት። አጎትሽ ቢያነበው ያኮርፈኛል፣ ያኩርፍ። የራሳችንን መናገር መብታችን ነው። የሌላውን ለመናገር ግን ባለቤቱ ይጠየቃል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። የአባባን ገጽ ካገኘሽ እሱን ብቻ አስገልብጪ። ከላይና ከታች ያለውን ስም በወረቀት ሸፍነሽ ፎቶ አንሺው። የመንደር ስም፣ የአባት ስም፣ የጠመንጃ ቁጥር፣ ቀን፣ ያለውን ሁሉ በደብተር ያዢ። የጣሊያንኛውን ጽሑፍ እንዳለ ገልብጪው፣ ራስሽ ወደ አማርኛ እየመለስሽ አትጻፊ፣ ስህተት የሚገባው እዚያ ላይ ነው። ጎንደር ላይ እጃቸውን ከሰጡት ጋር ስማቸው ካለ በተለይ እሱን እፈልገዋለሁ። ስትመለሺ አዲስ አበባ፣ ወመዘክር ቤተ መዛግብቱም ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲውም እንሄዳለን፣ እኔም እመጣለሁ፣ ጡረተኛ ምን ሥራ አለው።

ሻርፕ ሳታደርጊ አትውጪ፣ ጉሮሮሽን ታውቂዋለሽ። ጾሙን እንደቻልሽ ያዢ፣ ካልቻልሽም ለነፍስ አባትሽ ንገሪ እንጂ ለእኔ አትዋሺኝ። አጎትሽ ሲደውል አንሺለት።

ፎቶውን ደግሞ ወዲያው በቴሌግራም እንዳትልኪው። ወንድምሽ ስልኬን እንደራሱ ነው የሚከፍተው፣ የሱ ጓደኞች ደግሞ አንድ ነገር አይደበቃቸውም። መጀመሪያ ደውይልኝ፣ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ እሱ ኳስ ሊያይ ሲወጣ።

እናትሽ
ከባሕር ዳር