ኩራዝ ልትሠራ ላሰበችው ልጄ

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝናቡ በርትቷል፣ መብራቱም ይሄዳል ይመጣል።

የላክሽልኝን ፎቶ አየሁት። የማርማላታውን፣ የወይራ ፍሬውን፣ የኮመጠጠ ኪያሩን ጠርሙስ ሁሉ አጥበሽ ደርድረሽዋል። ለእንቁጣጣሽ እራት እንግዶችሽን በኩራዝ ልትቀበያቸው አስበሽ «እማዬ፣ ድሮ እንዴት ነበር የምትሠሩት?» ብለሽኛል። ብጽፍልሽ ይሻላል። ስልክ ላይ መሃል ገብተሽ ታቋርጪኛለሽ።

አሠራሩ ቀላል ነው። እኛ ቤት ኩራዝ የሚሠራው ከተገኘው ነገር ነበር፤ ከሳልሳ ቆርቆሮ፣ ከመድኃኒት ብልቃጥ፣ ከቀለም ጠርሙስ። የክዳኑ መሃል በሚስማር ይበሳል። ከቆርቆሮ ተቆርጦ የተጠቀለለ ቀጭን ቱቦ ይሰካበታል። በቱቦው ውስጥ ከአሮጌ ነጠላ የተገመደ ክር ያልፋል። ጠርሙሱ ውስጥ ላምባ፣ እናንተ ነጭ ጋዝ የምትሉት፣ ይጨመራል። አለቀ። ክዳኑ ላይ ግን ሌላ ትንሽ ቀዳዳ ያስፈልጋል። ላምባው በክሩ ሽቅብ ሲወጣ በቦታው አየር ካልገባ እሳቱ እየደከመ ይሄዳል። ብዙ ሰው ይቺን ይረሳታል።

ክሩ ንጹህ ጥጥ መሆን አለበት። ፖሊስተር ያለበት ጨርቅ ይቀልጥና ቱቦውን ይደፍነዋል። ጥጥ ግን በቃጫዎቹ መሃል ባሉት ጠባብ ክፍተቶች ላምባውን ራሱ እየሳበ ያወጣዋል። ሳይንስ ሳስተምር ካፒላሪ የሚባለውን ነገር የማስረዳው በኩራዝ ነበር። ከመጽሐፉ ሥዕል ይልቅ ተማሪዎቼ እሱን በደንብ ያውቁታላ! የሚነደው በዋናነት ክሩ አለመሆኑን ስነግራቸው ግን አያምኑኝም ነበር። የሚነደው በሙቀቱ የሚተነው ላምባ ነው። ክሩ ማመላለሻ ነው።

እንግዲህ ኩራዝ ይሄ ነው። ቤትሽ እንዲገባ ግን አልፈልግም።

ኢንተርኔት ላይ የኩራዝ ፎቶ እየለጠፉ «ደጉ ዘመን» የሚሉትን ሳይ እስቃለሁ። አብዛኞቹ በኩራዝ አላጠኑም መሰለኝ። በኩራዝ ያጠና ሰው ጠዋት ሲነሳ አፍንጫው ውስጥ ጥቀርሻ ያገኛል። ደብተሩ ላይ አጎንብሶ እንቅልፍ ሲጥለው የግንባሩ ፀጉር ያርራል። ጣሪያው ጥቁር ነው፣ መጋረጃው ላምባ ላምባ ይሸታል። ያኔ የሚያስለን ብርዱ ይመስለን ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው እንደ ኩራዝ ያለ ቀላል መብራት ከሚያነደው ላምባ ከ7 እስከ 9 በመቶ የሚሆነው ወደ ጥቀርሻ ይቀየራል። ፋኖስ የሚሻለው መስታወቱ አየሩን ከሥር ወደ ላይ ስለሚስብለት ነው። እሳቱ በቂ አየር ሲያገኝ ላምባው ደህና አድርጎ ይነድና ጭሱ ይቀንሳል። ኩራዝ ግን እሳቱ ባዶ ሜዳ ላይ ነው።

ደግሞ ይደፋል። ተደፍቶ ምንጣፍ ላይ ከተቀጣጠለ ለወሬ ነጋሪም አይተርፍ። ላምባው ቤንዚን የነካው ከሆነማ ጭራሽ አያድርስ ነው፤ ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ያወጣል። አንድ ነገር ልጨምር፣ ምንም ቢሆን ላምባ በለስላሳ ወይም በውሃ ጠርሙስ እንዳታስቀምጪ። ልጅ አንስቶ ይጠጣዋል። እዚህ ይሄ ሲሆን አይተናል። የጠጣ ልጅ ካጋጠመ አታስመልሱት፤ ሲያስመልሰው ሳንባው ይገባል። ቶሎ ሐኪም ቤት ነው።

አሁን ወደ ጠርሙሶችሽ። የምትሠሪው የዘይት መብራት ይሁን። ከኩራዝ በፊት ሰው ለረጅም ዘመን ያበራው በእሱ ነው። ላምባማ የትናንት ልጅ ነው፤ ኢግናሲ ዉካሼቪች የሚባል ፋርማሲስት ዛሬ ዩክሬን ውስጥ ባለችው ልቪቭ ከተማ የላምባ መብራቱን ያበራው በ1853 እ.ኤ.አ. ነው።

አፈ ሰፊና አጠር ያለውን ጠርሙስ ምረጪ፤ የማርማላታው ጥሩ ነው። ረጅሙና ጠባቡ አየር ስለማያስገባ እሳቱ ይታፈናል። ግማሹን ውሃ ሙዪው። ከላዩ ሁለት ጣት ያህል የወይራ ዘይት ቀስ ብለሽ አፍስሺ። ዘይት ውሃ ላይ ስለሚንሳፈፍ አይቀላቀሉም። ከወይን ጠርሙስ ቡሽ ስስ ክብ ቁረጪ፣ በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልይው፣ መሃሉን ብሺና የጥጥ ክሩን አሳልፊበት። ከላይ ግማሽ ሴንቲሜትር ብቻ ብቅ ይበል። ከዚያ በላይ ካወጣሽው ይጨሳል። ክሩን በዘይት አርሺውና ቡሹን ዘይቱ ላይ አስቀምጪው። ቡሹ እንደ ታንኳ ተንሳፎ ዘይቱ ሲቀንስ አብሮ ይወርዳል። ዘይቱ ሲያልቅ ክሩ ውሃው ላይ ይደርስና እሳቱ ራሱ ይጠፋል።

እንደ ኩራዙ በረጅም ክር ለምን አይሆንም ትዪኝ ይሆናል። ዘይት ወፍራም ነው፤ እንደ ላምባ ሩቅ መውጣት አይችልም። ስለዚህ እሳቱ ከዘይቱ አጠገብ መሆን አለበት። ብርሃኑ ያን ያህል ደማቅ አይሆንም፤ ለእራት ግን ይበቃል። ትልቁ ጥቅሙ ቢደፋ እንደ ላምባ ቶሎ አለመያያዙ ነው። የወይራ ዘይት ለመቀጣጠል ከ300 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት፣ ላምባ ግን ከ38 ዲግሪ ጀምሮ ሊያያዝ ይችላል። ቢሆንም ትተሽው አትተኚ።

ጠርሙሱ ተራ መስታወት ነው፤ ድንገተኛ ሙቀትና ቅዝቃዜ አይችልም። ገና እንደሞቀ ቀዝቃዛ ውሃ ካስነካሽው ይሰነጠቃል። ሲነድም ክዳኑን አትግጠሚበት። የኪያሩ ጠርሙስ ሽታው ካልለቀቀሽ ቤኪንግ ሶዳ በሙቅ ውሃ በጥብጠሽ አሳድሪበት። የወረቀቱ ሙጫም በዘይትና በዚያው ሶዳ ሲታሽ ይለቃል።

የኪራይ ውልሽን ደግሞ አንብቢው። አሜሪካ ብዙ አፓርታማ ውስጥ ሻማ እንኳ ክልክል ነው ሲባል እሰማለሁ። ክልክል ከሆነ ክርክር አታንሺ፤ ሁሉም ጠርሙስ ውስጥ በባትሪ የሚሠሩትን ትንንሽ መብራቶች አስገቢ። ከተፈቀደም የዘይቱ ለትልልቆቹ ገበታ ብቻ ይሁን። ልጆቹ የሚቀመጡበት ጋ ባትሪ! የጓደኛሽ ትንሹ ልጅ የጠረጴዛ ልብስ የሚጎትተውን ነገር በቪዲዮ አይቼዋለሁ። ችቦውንማ እዚያ ፓርክ ውስጥ እንዳታስቢው፣ ፖሊስ ያመጣብሻል።

ዘይቱን ውድ አትግዢ፣ ርካሹም ይነዳል። ውዱን ለሰላጣ አድርጊው። በርበሬውንና ሽሮውን በሚመጣው ሰው ልኬልሻለሁ፤ ሲደርስሽ ደውይ። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ።

እናትሽ