ስለ ቲቢ ስትጽፉ ሥጋ ደዌን አትርሱ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የዓለም የቲቢ ቀንን አስመልክቶ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ወድጄዋለሁ። በዝምታ ላልፈው ያልቻልኩት ግን ሥጋ ደዌ በአንዲት ዓረፍተ ነገር፣ ያውም የድሮ ዘመን በሽታ ተደርጎ መታለፉን ነው። እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ቲቢን ከአክታ፣ ሥጋ ደዌን ከጆሮ ጫፍ ቆዳ በሚወሰድ ናሙና በተመሳሳይ ቀለም አቅልመን በዚያው ማይክሮስኮፕ እናያቸዋለን፤ ሁለቱም ቀያይ ዘንጎች ሆነው ይታያሉ። በአገራችን ዛሬም በየዓመቱ ከሁለት ሺህ በላይ አዳዲስ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ይመዘገባሉ።

ሁለቱን ባክቴሪያዎች አብሮ ማጥናት ምን ያህል ፍሬ እንዳለው ለማየት የእንግሊዛዊውን ሳይንቲስት የስቱዋርት ኮልን የሥራ ዘመን መመልከት ይበቃል። ብዙውን ጊዜውን ያሳለፈው በፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት ሲሆን ቆይቶም ተቋሙን መርቷል። በ1992 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከባልደረቦቹ ጋር አይሶናያዚድ የተባለው የቲቢ መድኃኒት አንዳንድ ሕሙማን ላይ ለምን እንደማይሠራ ከሚያስረዱት ምክንያቶች ዋናውን አገኘ። መድኃኒቱን ወደ ገዳይነት የሚለውጠው የባክቴሪያው የራሱ ኢንዛይም ነው፤ ያንን ኢንዛይም የሚያሠራው ጂን የጠፋበት ወይም የተበላሸበት ባክቴሪያ ያመልጣል። ዛሬ መድኃኒት የተላመደ ቲቢን በጂን ምርመራ ስንለይ የምንጠቀመው በእንዲህ ዓይነት እውቀት ነው።

በ1998 የቲቢ ባክቴሪያን ሙሉ ጂኖም፣ ማለትም የጂን መረጃውን በሙሉ፣ ያነበበውን ቡድን መራ፤ በ2001 ደግሞ የሥጋ ደዌውን። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ሁለተኛው ነው። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያን ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን በ1873 ካገኘው ጀምሮ ማንም በላቦራቶሪ ምግብ ላይ ሊያሳድገው አልቻለም። አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፤ ቲቢ እንኳ፣ ዘገምተኛ የምንለው፣ ይህንኑ በአንድ ቀን ገደማ ይጨርሳል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ባክቴሪያውን አርማዲሎ በሚባል የአሜሪካ እንስሳ ሰውነት ውስጥ ማራባት ነበረባቸው። ጂኖሙ ሲነበብ ከቲቢው ጋር ተነጻጸረ፤ ቲቢ 4,000 ያህል ጂኖች ሲኖሩት ሥጋ ደዌ የቀሩት የሚሠሩ ጂኖች 1,600 ገደማ ብቻ ሆኑ። ሌሎች 1,100 ያህሉ መሥራት ያቆሙ፣ የቀድሞ ጂኖች ፍርስራሽ ናቸው። ከሕያው አካል ውጭ ለምን እንደማያድግ ያን ጊዜ ግልጽ መሆን ጀመረ።

በ2005 የኮል ቡድን ከ21 አገሮች የመጡ ናሙናዎችን አመሳከረ፤ ኢትዮጵያ ከእነዚህ አንዷ ነበረች። በሽታው ከምሥራቅ አፍሪካ ወይም ከመካከለኛው ምሥራቅ ተነሥቶ ከሰው ልጅ ፍልሰት ጋር ሳይሆን አይቀርም የተሠራጨው ብለው ደመደሙ። ይህ ለእኛ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ዛሬም ሥጋ ደዌ በዘር ይወርዳል ተብሎ ጋብቻ የሚፈርስበት፣ ልጆች ከእኩዮቻቸው የሚገለሉበት ቦታ አለ። የጂኖሙ ምስክርነት ግን አንድ ባክቴሪያ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ከመንገደኛ ጋር አገር ላገር መዞሩን ነው። የማንም የደም ሐረግ እዚህ ውስጥ የለበትም። ሕመሙም ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን በጥምረት ተወስደው በ6 ወይም በ12 ወር ይድናል፤ መድኃኒቱም በነጻ ይሰጣል። ቶሎ ካልታከመ ግን ነርቭን ይጎዳል፤ የተጎዳ ነርቭ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይመለስም።

እዚሁ አዲስ አበባ፣ አለርት ሆስፒታል ግቢ ውስጥ፣ በሐንሰን ስም የተሰየመው የምርምር ኢንስቲትዩት ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። የተቋቋመው ለሥጋ ደዌ ነው፤ ዛሬ ቲቢንም ሌሎች በሽታዎችንም ያጠናል። እዚያ የሚሠሩ ወጣት ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችን አነጋግሩልን፤ ምን እንደሚመረምሩ፣ ምን እንደጎደላቸው ጠይቁልን። በጀት ለሚመድቡትም አንድ ጥያቄ አቅርቡልኝ፦ በሁለት ሳምንት አንዴ የሚራባ ባክቴሪያ በአንድ ዓመት ፕሮጀክት እንዴት ይጠናል? ኮል ከአይሶናያዚዱ ግኝት እስከ ሥጋ ደዌው ጂኖም ለመድረስ ዘጠኝ ዓመት ወስዶበታል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚደግፈው ተቋም ነበረው። የእኛዎቹም ያንን ያህል ዕድሜ ያለው ድጋፍ ይገባቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ
አዲስ አበባ