ስለ ሒሳብ ኮርስሽ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እዚህ አዳማ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ እናትሽም ናፍቃሻለች።

በዚህ ወሰነ ትምህርት የያዝሽው የዕለት ተዕለት ኑሮ ሒሳብ፣ መቶኛን፣ ወለድንና አማካይን የመሳሰሉ ድሮ የምታውቂያቸውን ነገሮች ስለሚደግም ጊዜሽን እንደሚያባክንብሽ ጽፈሽልኛል። በዚህ አልስማማም። ማባዛቱንና ማካፈሉን ስልክሽም ይሠራዋል፤ ከባዱ ከስሌቱ በፊት የሚመጣው ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ቁጥሩ የታሰበው በየትኛው መነሻ ላይ ነው የሚለው። ይህን የማይጠይቅ ሰው የቱንም ያህል ቀመር ቢያጠና ገበያ ላይ ከመታለል አይድንም።

አንድ ጎረቤታችን ሱቁን ለማስፋት 100,000 ብር ተበድሮ በ12 ወር ለመክፈል አስቦ ሁለት አበዳሪዎችን አነጋግሯል። ሁለቱም ወለዱ በዓመት 12 በመቶ ነው ብለውታል። የመጀመሪያው ወለዱን እስከ መጨረሻው ወር በመነሻው 100,000 ብር ላይ ስለሚያስብ 12,000 ብር ወለድ ተጨምሮ ወርኃዊ ክፍያው 9,333 ብር ገደማ ይሆናል። ሁለተኛው ግን በየወሩ በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ ስለሚያስብ ወርኃዊ ክፍያው ወደ 8,885 ብር፣ የዓመቱ ወለድም ወደ 6,600 ብር ይወርዳል። በመጀመሪያው መንገድ ተበዳሪው ግማሹን ገንዘብ ከመለሰ በኋላ እንኳ እጁ ላይ ለሌለ ብር ወለድ መክፈሉን ይቀጥላል፤ በቀሪ ዕዳ ስሌት ሲታይ ያ «12 በመቶ» በእርግጥ ከ21 በመቶ በላይ ነው። ይህ ልዩነት ለአንድ አነስተኛ ሱቅ የወራት ትርፍ ሊሆን ስለሚችል፣ እንዲህ ያለውን ትምህርት ቀላል ብሎ መናቅ አይገባም እላለሁ።

መነሻውን መጠየቅ በሌላም ቦታ ይሠራል። 100 ብር የነበረ ዕቃ 25 በመቶ ጨምሮ መልሶ 25 በመቶ ቢቀንስ 93 ብር ከ75 ሳንቲም ይሆናል እንጂ ወደ 100 አይመለስም። የዋጋ ግሽበት ከ20 ወደ 15 በመቶ ወረደ ሲባልም ዋጋ አሁንም እየጨመረ ነው፤ የቀነሰው የጭማሪው ፍጥነት ነው። በፈጣን መንገዱ ወደ አዲስ አበባ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ሄዶ በአሮጌው መንገድ በሰዓት 60 የተመለሰ ሹፌርም፣ የሁለቱ መንገዶች ርዝመት እኩል ነው ብንል፣ አማካይ ፍጥነቱ 80 ነው፤ 90 የማይሆነው በዝግታ የተጓዘበት ጊዜ ስለሚረዝም ነው።

ከሁሉ ይልቅ እንድታስቢበት የምፈልገው ግን ዕቁብን ነው። 12 ሰዎች በየወሩ 5,000 ብር ቢጥሉ እያንዳንዱ 60,000 ብር ከፍሎ 60,000 ብር ይወስዳል፤ በወረቀት ላይ ሁሉም እኩል ነው። ሆኖም በመጀመሪያው ወር ዕጣ የወጣለት ሰው ያለ ወለድ ተበድሯል፤ የመጨረሻው ደግሞ ያለ ወለድ ቆጥቧል፤ ዋጋ በሚንርበት ዓመት የመጨረሻው ሰው 60,000 ብር የሚገዛለት ነገር ከመጀመሪያው ያነሰ ነው። ቸግሮት ዕጣ የሚገዛ ሰው ለሻጩ የሚተውለት ገንዘብም፣ ማንም በዚያ ስም ባይጠራው፣ ወለድ ነው። ዕቁብተኞች ይህን ሳይማሩ ያውቁታል፤ አንቺ ግን የዚህን ወለድ ምጣኔ አስልተሽ ከባንክ ብድር ጋር ማነጻጸር ትችያለሽ፤ ለኮርሱ የማሟያ ሥራ ብታደርጊው መምህርሽም የሚቀበሉት ይመስለኛል።

ጎረቤታችን ውሉን ገና አልፈረመም። ስለዚህ የሁለቱንም አበዳሪዎች የ12 ወር ሠንጠረዥ፣ በየወሩ ከዋናው ስንት፣ ከወለዱ ስንት እንደሚከፈል ለይተሽ ሥሪልኝ፤ በሰባተኛው ወር ዕዳውን ጠቅልሎ መክፈል ቢፈልግ በእያንዳንዳቸው ዘንድ ምን ያህል ዕዳ እንደሚቀርበትም አሳዪኝ። የአገልግሎት ክፍያና የመድን ወጪ ካለ ጎረቤታችንን ጠይቄ ነገ በስልክ እነግርሻለሁ፤ እነርሱንም በስሌቱ አካትቺ።

አባትሽ
አዳማ