የልጅ ገመና በዩቲዩብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጣና ዳር አረፍ ብዬ ሳለሁ፣ ነጠላ የለበሱ ባልና ሚስት ሰባት ዓመት የማይሞላት ልጃቸውን ስልክ ፊት አቁመው፣ ሌሊት አልጋዋን ታረጥብ እንደነበረና በጸበል እንደተሻላት እንድትናገር ሲያባብሏት አየሁ። ልጅቱ የነጠላዋን ጥለት በጥርሷ ይዛ ዝም ብትል፣ አባት ታንኳው ከጀርባዋ እንዲታይ ቦታ አስቀይሮ እንደገና አስጀመራት።

በቲክቶክና በዩቲዩብ «መንፈሳዊ ቤተሰብ» ነን የሚሉ ገጾች በዝተዋል። ጸሎታቸውንና የበዓል ዝግጅታቸውን ቢያካፍሉ ቅር የሚለኝ ነገር የለም፤ እንዲያውም አንዳንዶቹን እከታተላለሁ። ነገር ግን ለንስሐ አባት እንኳ በሹክሹክታ የሚነገረውን የጓዳ ጠብ፣ የልጅን ሕመምና ዕንባ ጭምር፣ በማስታወቂያ አጅቦ አደባባይ ማውጣት «ለሌላው ትምህርት ይሆናል» ተብሎ ብቻ የሚታለፍ አይመስለኝም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀውና ኢትዮጵያም የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 16 ይህንኑ ጥበቃ ለሕፃኑ ለራሱ ይሰጣል። የሚገርመው፣ ያች ልጅ በቲክቶክ ደንብ የራሷን አካውንት ለመክፈት 13 ዓመት እስኪሞላት መጠበቅ አለባት፤ ገመናዋ ግን ቀድሟት ገብቷል።

ሰበካ ጉባኤያትና ሰንበት ትምህርት ቤቶች በጉዳዩ ላይ ወላጆችን እንዲያነጋግሩ፣ ጋዜጣችሁም የሕግ ባለሙያ ጋብዞ እንዲያስነብበን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር